ከእሳቱ ማዶ የተማርነው ዜማ

ሳዛቫ ወንዝ ዳር፣ ማርች 9

ውድ ወንድሜ ቬንዴሊን፣

አላበድኩም፣ ቀልዴንም አይደለም። ይህን ያስቀደምኩት እንደ ልማድህ ሰላምታውን ዘለህ ወደ ፍሬ ነገሩ እንደምትሮጥ ስለማውቅ ነው። አሁን ተመለስና አንብብ፦ እንዴት ሰንብተሃል? የተራራው አየር ተስማማህ ወይ? ምግቡስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት እንደወትሮው ነው፤ ሁለት መቶ ልጅ፣ ሁለት መቶ ሳህን የጉላሽ ወጥ፣ አመሰግናለሁ የሚል ግን የለም።

ሃርሞኒካ ልማር ነው። ከጊታሩ ጋር፣ በአንድ ጊዜ፣ እኔው ራሴ። አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን የሽቦ መያዣ ሳይቀር ገዝቻለሁ። ጊታሩን ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ስመታው ኖሬያለሁ፤ የቸገረኝ አፌ ነው። («አፍሽማ መቼ ቸግሮት ያውቃል» ስትል ይሰማኛል።)

የሆነውን ልንገርህ። ባለፈው እሁድ የሰፈራችን አለቃ ጎሽ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ቤቴ መጣ። የሸሪፍ ኮከቡን ደረቱ ላይ ሰክቶታል፤ ሚስቱ ያርሚላ የፕለም ኬክ ተሸክማ ከኋላው ትከተላለች። ኮከቡን ሳይ ለጨዋታ እንዳልመጡ ገባኝ።

«ሚላዳ» አለኝ ሳይቀመጥ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ እሳታችን ያለ መክፈቻ ዜማ ነደደ። መሥራቾቹ የጻፉትን ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ፤ አንተም ታውቀዋለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ የምንሰፍርበት የሰባት ጥድ ሰፈር የዓመቱን እሳት የሚከፍተው በገዛ ሰዎቹ ጊታርና ሃርሞኒካ ነው። ከጎረቤት ሰፈር ተጫዋች አይዋስም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካቃተው የሰፈሩ ምሰሶ ይነቀላል፣ ባንዲራው ይታጠፋል፣ እኛም እንደማንኛውም ሰው ቅዳሜን ቴሌቪዥን ፊት እናሳልፋለን።

«ሰፈር ከምናፈርስ ደንቡን ብናፈርስስ?» አልኩት።

«ደንቡን የጻፈው አባትሽ ነው» አለኝ። «በገዛ እጁ። ይኸው፣ ቀለም ያንጠባጠበበት ቦታ እንኳ አለ።»

ያርሚላ ኬክ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ አልበላሁም። እንግዲህ ምን ያህል እንደከፋኝ ገምት።

ማን ይነፋዋል? አምስት ሰው ነው የቀረነው። ጎሽ ቢነፋ ሰው ሠራሽ ጥርሱ አብሮ ይወጣል። ያርሚላ ለመዝፈን እንጂ ለዕቃ አልተፈጠረችም። የኦታ ጆሮ ጨርሶ ሄዷል። አንተ ተራራ ላይ ነህ። እኔ ቀረሁ።

ስለዚህ በደብዳቤ አስተምረኝ። እንዳልደውል ስልኩ እዚያ ላይ ይቆራረጣል ብለሃል። መቼ ትመለሳለህ ብዬም አልጠይቅህም፤ ሦስት ጊዜ ጠይቄህ ሦስቴም ስለ በረዶው ነው የነገርከኝ።

እህትህ ሚላዳ

ድመትህ ደህና ናት። ወፍራለች።


የሴኒክ ተራራ፣ ማርች 17

ሚላዳ፣

ሰላምታሽን ተመልሼ አንብቤዋለሁ። ደህና ነኝ። ምግቡ ጨው አያውቅም። በረዶው ገና አልቀለጠም።

ይቻላል። መጀመሪያ ግን ዜማ የሚባለውን ነገር እርሺው። የመያዣውን ብሎን አጥብቂ፤ ከላላ ሃርሞኒካው ይሸሻል፣ አንቺም እንደ ዶሮ አንገትሽን እየሰገግሽ ስታሳድጂው ትውያለሽ። አፍሽ ወደ እሱ አይሂድ፤ እሱ አፍሽ ላይ ይቁም። ከዚያ በጊታሩ አንድ ኮርድ ብቻ ያዢ፣ ጂ የሚባለውን። ሃርሞኒካውም ጂ የተጻፈበት ይሁን፤ ሌላ ከገዛሽ ሄደሽ ቀይሪው። እጅሽ ሳያቋርጥ ይምታ። አፍሽ ሁለት ወደ ውስጥ፣ ሁለት ወደ ውጭ ይተንፍስ፣ እንደ ባቡር። ባቡር ብላችሁ ስም ያወጣችሁልኝ በዚሁ አይደል?

ሁለት ሦስት ሳምንት ባቡር ብቻ ሁኚ። ጊታር በሌለበት ጭንሽን እየመታሽ ተንፍሺ። አፍሽ ሲጀምር እጅሽ መቆም ይፈልጋል። አትፍቀጂለት።

ከዚያ ወደ ዜማው። መሃል ላይ ትጀምሪያለሽ። «ወንዙ ስማችንን ያውቃል» የሚለው ሲወርድ ወደ ቀኝ ትሄጃለሽ። «ጥዶቹም ይመሰክራሉ» ሲወጣ ወደ ግራ። የቀዳዳ ቁጥር አትጠይቂኝ፤ ቁጥር አይቼ ነፍቼ አላውቅም፣ የኔው ደግሞ ከተፋቀ ሠላሳ ዓመቱ ነው።

አትደውዪ። ጻፊ።

ባቡር


ኤፕሪል 6

ውድ ባቡር፣

የእሳቱ ቀን አልተራዘመም። ሴፕቴምበር 12፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ከጥዶቹ ጀርባ ስትገባ። ጎሽን «አንድ ወር ብቻ» ብዬ ለምኜው ነበር፤ «እሳት እንጂ የጥርስ ቀጠሮ አይደለም» አለኝ።

ይቅርታ፣ ሰላምታውን አንተን መስዬ ዘለልኩት። እንዴት ነህ? ሳልህስ?

ሦስት ሳምንት ባቡር ሆኜ ከረምኩ። አውቶቡስ ስጠብቅ ባቡር፣ ድንች ስልጥ ባቡር። ዋናዋ አብሳያችን ሄድቪካ በቀደም ቢላዋዋን አስቀምጣ ታየኝ ጀመር።

«ሚላዳ፣ አስም ነው ወይስ ፍቅር ይዞሻል?»

«ሃርሞኒካ ነው።»

«በዚህ ዕድሜሽ ፍቅሩ ይሻልሽ ነበር» ብላኝ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

እጄ እንዳልከው ነበር። አፌ ሲጀምር ቀጥ ይላል፤ እሱን ሳስነሳ ደግሞ መተንፈስ እረሳለሁ። አገጬ በምራቅ ይርሳል፣ ሽቦው አንገቴ ላይ መስመር አወጣብኝ። ባለፈው ረቡዕ ግን፣ ምን እያሰብኩ እንደነበር እንኳ አላውቅም፣ የነገውን ሾርባ ይመስለኛል፣ ሁለቱ አብረው ሄዱ። እጄ በራሱ፣ ትንፋሼ በራሱ። ብቻዬን ሳቄ አመለጠኝ፤ ሃርሞኒካውም አፌ ላይ ነበርና አብሮኝ ሳቀ።

ዜማው ግን እንቢ አለ። ወደ ቀኝ ሂጂ ባልከኝ ቦታ ስሄድ መውረዱን ትቶ እንደ አይጥ ይጮሃል። ወደ ግራ ባልከኝ ቦታ ወደ ጉድጓድ ይገባል። ድመትህ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣ አለች። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ሚላዳ


ኤፕሪል 14

ሚላዳ፣

ገልብጠሽ ገጥመሽዋል። ብሎኑን ፍቺና አዙሪው። ወፍራሙ ድምፅ በቀኝ ነው። አርባ ስድስት ዓመት ነፍቼዋለሁ፤ ትናንት የጀመረች የወጥ ቤት ሴት ቀኝና ግራ አታስተምረኝም።

ሳልህ ላልሽው፣ እዚህ የማይስል ሰው የለም። ሆስፒታል ነው።

ባቡር


ኤፕሪል 26

ወንድም ዓለም፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። ሻይም ካለህ አስቀምጠው።

እንዳዘዝከኝ አዞርኩት። ዜማው ወረደ፣ ነገር ግን እኔን ግራ አጋባኝ፤ ዓይኔን ስጨፍን አንገቴ ሁልጊዜ ወደ ሌላው ጎን ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቅዳሜ ከተማ ወርጄ የሸጠልኝን ሰውዬ ጠየቅሁት። መነጽሩን አውልቆ በትዕግሥት አየኝና፣

«እመቤቴ» አለኝ፣ «ወፍራሙ በግራ ነው። በእርስዎ ሰፈርም፣ በሌላውም አገር።»

«ወንድሜ በቀኝ ነው ብሎኛል።»

«ወንድምዎ ፒያኖም ተጋድመው ነው የሚጫወቱት?»

ስላንተ ብዬ ተቆጣሁ። ቤቴ ገብቼ ግን የድሮ ፎቶዎቹን ዘረገፍኩ። የሰፈራችን የሃያኛ ዓመት እሳት፣ አንተ በዚያ ቡናማ ኮፍያህ። በሃርሞኒካህ አንደኛው ጫፍ ላይ ያለችውን ቀይ የጥፍር ቀለም ታስታውሳለህ፤ ያርሚላ ካንተ በፊት ይነፋ ከነበረው ከሽማግሌው ቼኔክ ሃርሞኒካ እንዳይደባለቅ የቀባችው። ያቺን ቀይ ጫፍ አንተ ሳታይ ሰርቄ ነፍቻት አውቃለሁ፤ እንደ በሬ ነበር የምትጮኸው። ወፍራሟ እሷ ናት። በፎቶውም ላይ ቀይዋ በቀኝ ጉንጭህ በኩል ነች።

ቬንዴሊን፣ ዕድሜህን ሙሉ ገልብጠህ ነው የነፋኸው።

ሳስበው እንዲህ ይመስለኛል። በሰባት ጥድ ማንም በቃል አያስተምርም። ተማሪው ከእሳቱ ማዶ፣ ከተጫዋቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያል። አንተ ከቼኔክ ማዶ ተቀመጥክ፤ የሱ ግራ ለዓይንህ በቀኝ ሆነ፤ ያየኸውን ይዘህ ቀረህ። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ካንተ ማዶ ተቀመጥኩ፤ የተገለበጠው ለኔ ተመልሶ ተቃና። ለዚህ ነው አንገቴ እንቢ ያለው። እኔ ሳላውቀው ትክክል ነበርኩ፣ አንተ አውቃለሁ እያልክ ተሳስተህ ኖርክ።

አሁን አንተ ቀኝ ስትል እኔ ግራ እሄዳለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ወጥተዋል።

አትቆጣ። ጎሽ እስኪያለቅስ ስቋል፤ ለሌላ ሰው ግን አልነገርኩም፤ ለያርሚላ ብቻ። ለኦታም ጮኼ ነግሬው ነበር፣ አልሰማኝም።

ሚላዳ


ሜይ 15

እህቴ፣

ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። በመሳቄ ነው።

ደብዳቤሽን በረንዳው ላይ ነበር የማነበው። «ፒያኖም ተጋድመው» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቅሁ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስታውስም። ብዕር እንድይዝ የተፈቀደልኝ ትናንት ነው። ስለዚህ አሁን መጻፍ ያለበትን ልጻፍልሽ።

ስልኩ አይቆራረጥም። የሚቆራረጠው እኔ ነኝ። ያለፈው ዓመትና የካቻምናውም ጉንፋን አልነበረም። ሳንባዬ ነው። በባቡር ጥገና ቤቱ ስሠራ ብረት ስበይድ የዋጥኩት ጭስ ነው ይላሉ። አፍንጫዬ ሥር የኦክስጅን ቱቦ አለ፤ ብትደውዪ የሚፏጨውን ትሰሚ ነበር። ሰምተሽ ከምታለቅሺ በረዶው አልቀለጠም ማለት ቀለለኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሃርሞኒካውን ከነካሁት ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከመሳቢያው ያወጣሁት ያንቺን ውሸት ላጋልጥ ብዬ ነው። ቀይዋ ጫፍ በቀኜ ናት። እንግዲህ ምን ልበል። ለማረጋገጥ አንድ ቀዳዳ ነፋሁ፣ አንድ ብቻ። ነርሷ እየሮጠች መጣች። ትቀማኛለች ስል፣ «ድገመው፣ ግን በቀስታ» አለችኝ።

ባቡር


ሜይ 24

ቬንዴሊን፣

አዎ፣ አልቅሻለሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም፤ ለካ ይህ ሥራ አንድ ጥቅም አለው።

ተቀይሜሃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ካልሲ ስሠራልህ አንተ የምትፈልገው አየር ነበር። አባታችን ሲታመም «ከሚላዳ አትደብቁ፣ እሷ ወሬ ሳይሆን ዝምታ ነው የሚያሳምማት» ያለውን ረሳኸው? በቃ፣ ተቀይሜ ጨረስኩ። ቂሙ ከዚህ መስመር አያልፍም።

ይልቅ የኔን ችግር ስማ። ዜማው አራት መስመር ነው። ሦስቱን ይዣለሁ፤ ትናንት ወንዙ ዳር ወርጄ ሦስት ጊዜ ሳልሳሳት ሄደልኝ፣ ዓሣ የሚያጠምዱት ሰዎች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። አራተኛው መስመር ጋ ግን ኮርዱ በፍጥነት ይለዋወጣል፤ እጄን ስጠብቅ ትንፋሼ ያልቃል። ስቆጥራት ያቺ መስመር አራት ትንፋሽ ብቻ ናት።

ያቺ ያንተ ትሁን። ሴፕቴምበር 12 ሰባት ጥድ ላይ ሦስቱን እኔ እነፋለሁ። አራተኛዋ ላይ አፌን ዘግቼ ጊታሩን ብቻ እመታለሁ። አንተ በዚያው ሰዓት በረንዳህ ላይ ቆመህ አራቷን ትነፋለህ። ለጎሽ ነገርኩት።

«ሰውየው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ?» አለ።

«ደንቡ በገዛ ሰዎቹ ይላል እንጂ የት ቆመው አይልም» አልኩት። መዝገቡን አውጥቶ ሁለቴ አነበበው። እስካሁን እያነበበው ነው።

በወር አንዲት ትንፋሽ ብትጨምር ትደርሳለህ። ዶክተሯን ጠይቃት።

እህትህ


ጁላይ 30

ሚላዳ፣

ጠየቅኋት። እንዲያውም ጥሩ ነው ትላለች፤ በቀስታ ወደ ውስጥ፣ በቀስታ ወደ ውጭ፣ ሳንባውን ያሠራዋል። ሲጨንቀኝ እንዳቆም ብቻ አስምላኛለች።

ሁለት ትንፋሽ ደርሻለሁ። ሦስተኛዋ አንዳንድ ቀን ትመጣለች፣ አንዳንድ ቀን የለችም። ከአጠገቤ የሚተኛው ኤርቪን የኦስትራቫ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ የሱም ሳንባ ከኔ አይሻልም፣ ምላሱ ግን ጤነኛ ነው።

«ይሄ ባቡር ገና ከጣቢያው ሳይወጣ ነው እንዴ የሚያለከልከው?» ይለኛል።

«ከሰሉን በደንብ ብትቆፍር ኖሮ ይሄድ ነበር» አልኩት። አሁን እሱም ለልጁ ሃርሞኒካ ግዢልኝ ብሎ ጽፏል።

ስለ አቅጣጫው ላልሽው፣ አላዞርኩትም። ልሞክር ብዬ አፌ መንገድ ጠፋው። ቀይዋን በቀኜ እንዳደረግሁ ነው የምሞተው፤ እስከዚያ ግን ገና ነኝ ብያለሁ።

አትመኪብኝ። አራተኛዋ ትንፋሽ ካልመጣች ጎሽ መዝገቡ እንደሚለው ያድርግ። እኔ ለአባታችን መዝገብ ውሸት አልጽፍም።

ባቡር


ሴፕቴምበር 13፣ እሁድ

ውድ ወንድሜ፣

አዎ፣ ካርድህ አርብ ደርሶኛል፤ አዎ፣ ብሎኑን አጥብቄያለሁ፤ አዎ፣ ቀደም ብዬ ሾርባ ጠጥቻለሁ።

ነገሩ ሁሉ ሆነ፣ አልሆነምም። ኦታ፣ ያርሚላ፣ ጎሽና እኔ በአራት ማዕዘን ቆመን እሳቱን ለኮስነው። ከሦስት ሰፈር ሰው መጥቶ ነበር። ከዚያ ስለ ሾርባ ማሰብ ጀመርኩ። እጄ ሄደ። የመጀመሪያዋ መስመር ጥቂት ጮኸች፤ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ግን፣ ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና፣ ባባታችን ጊዜ እንደነበረው ነበሩ። ያርሚላ ኮፍያዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ነበር።

አራተኛዋ ላይ አፌን ዘጋሁ። ጊታሩ ብቻውን ሄደ። ሰው ሁሉ ትንፋሽ ያጠረኝ መስሎት በጭንቀት አየኝ። እኔ ግን ከእሳቱ ማዶ ያንተን ቦታ አይ ነበር፤ ጉቶህ ላይ ማንም አልተቀመጠባትም። ከዚያ ኦታ፣ ያ ምንም የማይሰማው ኦታ፣ አንገቱን በዜማው ልክ ወደ ታች፣ ወደ ላይ አደረገ። እስከ መጨረሻዋ ድረስ። ምን እንደሰማ እሱን ጠይቀው።

ሲያልቅ ጎሽ መዝገቡን ዘረጋ። ከጊታር ጎን ስሜን ጻፈ። ከሃርሞኒካ ጎን «ሚላዳ፣ ሦስት መስመር» አለና እርሳሱን አነሳ።

«አራተኛዋን ማን ነፋት?»

«ቬንዴሊን።»

«አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ባዶ ትቆያለች» አለ። ባዶ ተዋት። በስልክ አልቀበልም ይላል፤ በጽሑፍ፣ በፊርማ፣ ከምስክር ጋር ይፈልጋል። እስከ ቅዳሜ ካልደረሰ ምሰሶውን ሊነቅል ነው፤ መጥረቢያውን እዚያው አስደግፎት ሄዷል። ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር፤ ጭሱ ነው ብሏል። ጭሱ ወደኔ በኩል ነበር የሚነፍሰው።

እውነቱን ጻፍልኝ። የትኛውም ቢሆን እህትህ ነኝ።

ሚላዳ


ሴፕቴምበር 16

ለሰባት ጥድ ሰፈር ሸሪፍ፣ በእህቴ በሚላዳ በኩል፣

ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በረንዳው ላይ ቆምኩ። ሦስቱን መስመር በልቤ ቆጠርኩ። ከዚያ ነፋሁ። አንደኛዋ ወጣች፣ ሁለተኛዋ ወጣች፣ ሦስተኛዋ ቀጭን ነበረች ግን ወጣች። አራተኛዋ እንቢ አለች። ግድግዳውን ይዤ ቆየሁ፤ ኤርቪን በሰዓቱ ለካሁ ይላል፣ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ዝም አለ። ከዚያ አራተኛዋን ነፋኋት። ሙሉ ነበረች። እናንተ ያን ጊዜ ጨርሳችሁ እያጨበጨባችሁ ነበር ይሆናል፤ እኔ ዘግይቼ ገባሁ፣ ነገር ግን ገባሁ። ደንቡ ስለ መዘግየት የሚለው ካለ ምሰሶውን ንቀሉት። ከሌለ መጥረቢያውን ወደ ማገዶው መልሱት።

ቬንዴሊን፣ የሰባት ጥድ ባቡር
ምስክሮች፦ ኤርቪን፣ ጡረተኛ ከሰል ቆፋሪ፤ የተረኛዋ ነርስ ፊርማ

ሚላዳ፣ ከዚህ በታች ያለው ላንቺ ብቻ ነው። ዶክተሯ የበረዶው ወራት ካለፈ በኋላ ወደ ቤት ትሄዳለህ ብላኛለች፣ ከነቱቦዬም ቢሆን። ድመቷን አታወፍሪያት። ለከርሞው እሳት ደግሞ ከማዶ አትቀመጪ። ጉቶው ለሁለት ይበቃል፤ ከጎኔ ተቀመጪ።